ደርሶ መልስ

ስነቃ መርከቡ ቆሟል። መቆሙን ያወቅሁት በዓይኔ ሳይሆን በጀርባዬ ነው፤ አራት ሌሊት ሙሉ ከፍራሹ ሥር ሲያጉረመርም የነበረው ነገር ዝም ብሏል። መጋረጃውን ስገልጥ ባሕር አያለሁ ያልኩበት ቦታ ግንብ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ከውኃው ጫፍ ተነሥቶ ሽቅብ የሚወጣ፣ የማር ቀለም ያለው የቫሌታ ቅጥር። ማታ ስተኛ አልነበረም። እኔም ወደ እሱ አንዲት እርምጃ አልሄድሁም። ትንሽ ቆይቶ የካፒቴኑ ድምፅ ከኮርኒሱ መጣ፤ ማልታ እንደገባን፣ ቀኑ ብራ እንደሚሆን፣ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሁላችንም ተመልሰን መገኘት እንዳለብን ነገረን። በእንግሊዝኛ የተናገረውን እኔ በአማርኛ ሰማሁትና ከንግግሩ ሁሉ አንዲት ቃል ጆሮዬ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ደርሰናል አለ። ማን?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ተኝቶ መድረስ ምን አዲስ ነገር አለው? በልጅነቴ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስመጣ ጣርማ በርን ከአንዴም ሁለቴ በእንቅልፍ አልፌዋለሁ፤ ለዚያ ብሎ አዲስ አበባ አልደረስክም ያለኝ የለም። አውቶቡሱ ግን ያራግፈኝ ነበር። ረዳቱ ከጣሪያው ላይ ሻንጣዬን አውርዶ ከነአቧራው እግሬ ሥር ይጥልልኝና ከዚያ በኋላ ከተማዋና እኔ ብቻችንን እንቀራለን፤ ወይ እሷ ታሸንፈኛለች ወይ እኔ እለምዳታለሁ። እዚህ ሻንጣዬ አልጋው ሥር ነው፣ ሸሚዜ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተሰቅሏል፣ የጥርስ ብሩሼም ከትናንት ብርጭቆው አልወጣም። ክፍሉ ትናንት ሌላ ወደብ ላይ ነበር፣ ነገ ሌላ ወደብ ላይ ይሆናል፤ ለእኔ ግን አንድ ክፍል ነው። ነገሩን በትክክል ለመናገር የመጣችው ከተማዋ ናት። ከመስኮቴ ሥር መጥታ ቆማ፣ እስክነቃ ጠብቃ፣ ማታ ተመልሳ ትሄዳለች። እንዲህ ከሆነ ደርሰናል የሚለውን ቃል መናገር የሚገባት ቫሌታ ነበረች።

ይህ ቃል በእኛ ቋንቋ ቀላል ሸክም አይደለም የተጫነው። ገብሱ ደረሰ እንላለን። ገብሱ የት ሄዶ? በተዘራበት ቆሞ ነው የደረሰው፤ እንዲያውም ከቦታው ቢነቃነቅ ኖሮ አይደርስም ነበር። ጠላው ደረሰ እንላለን፤ ጋኑ ከጓዳ አልወጣም። ልጁ ደረሰ እንላለን፤ እናቱ ከፊቷ አላጣችውም። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ መድረስ ማለት ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ መዛወር ሳይሆን መሆን የሚገባን መሆን ነው፤ ርቀቱ የሚለካው በመንገድ ሳይሆን በጊዜ፣ በሙቀት፣ በትዕግሥት ነው። ሊቃውንቱ ደግሞ ዜማና መጽሐፍ ደረሰ ይላሉ፤ ሰዋስው ዐዋቂ የዘሩን ልዩነት ቢያስረዳኝም ጆሮዬ ግን ሊለያቸው አይፈቅድም፤ ደራሲ ለእኔ ነገርን ከሌለበት አምጥቶ የሚያደርስ ሰው ነው። እንግዲህ በገብሱ መለኪያ እኔ ብለካ ምን እሆናለሁ? በአራት ሌሊት ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዣለሁ፤ ነገር ግን በውስጤ የበሰለ፣ የጠለለ፣ የተለወጠ ምንም ነገር አላገኘሁም። ጥንስሱ ገና ያልፈላ ጠላ ይዤ ነው ቫሌታ ደጃፍ የቆምሁት።

የጉዞው ባለቤት እኔ ሳልሆን እህቴ ናት፤ በቨርጂኒያ አንድ ሆስፒታል ለ31 ዓመት የሌሊት ተረኛ ነርስ ሆና ኖራ ጡረታ ስትወጣ፣ ለራሷ ስጦታ ብላ የገዛችው ጉዞ ነው። ብቻዬን ደስ አይለኝም ብላ እኔን ከአዲስ አበባ አስመጣችኝ። መርከቡ ከእነዚያ ተንሳፋፊ ከተሞች አንዱ አይደለም፤ ሰው የሚበዛበት ርካሽ ነው ይሏታል የሸጡላት ሰዎች። ቁርስ በልተን ስንጨርስ ለመውረድ ተነሣሁ። እሷ ከገንዳው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ሻይዋን ይዛ፣ አልተነቃነቀችም።

«አትወርጂም እንዴ እታለም?»

«ወርጄ ምን ላደርግ?»

«ማልታ እኮ ነው!»

«ማልታ የት ይሄዳል? ሽንኩርት ሳልከትፍ፣ ስልክ ሳይጠራኝ፣ ማንም ‘ነርስ’ ሳይለኝ አምስተኛ ቀኔ ነው። እኔ ደርሻለሁ። አንተ ሂድ።»

ልመልስላት አፌን ከፈትሁና የምለው አጣሁ። ቱሪስትን መናቅ የሚቀናን ሰዎች አለን፤ ወንበር ላይ ተጋድሞ የሚውል ሰው ከንቱ፣ ድንጋይ ለድንጋይ የሚንከራተት ደግሞ ዐዋቂ ይመስለናል። እሷ ግን ስትናገር ቃሉን እንደ ገብሱ ነው የተጠቀመችበት። ከ31 ዓመት ሌሊት በኋላ አንዲት ወንበር ላይ ደርሳለች፤ ወንበሯ ማልታ ትሁን ማርሴይ ለመድረሷ አይጨምርም አይቀንስም። ገና ያልደረስሁት እኔ ስለሆንኩ ወረድሁ።

መውጫው ላይ ካርዴን መሣሪያው ላይ አስነካሁ፤ ጢት አለ፤ ፎቶዬ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፤ ዘበኛው ፊቴንና ፎቶዬን አስተያይቶ መልካም ቀን ተመኘልኝ። ያን የአውሮፓ ቪዛ ለማስመታት ስንት ቀን እንደተመላለስሁና ስንት ወረቀት እንዳስገባሁ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ዛሬ ጢት ብሎ አለቀ። መርከቡ ስለ እኔ የሚመዘግበው ሁለት ነገር ነው፤ መውጣቴንና መመለሴን። በመካከላቸው ያለውን አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ቅንጦት ምንድን ነው ብትሉኝ፣ እንደ ዛሬ ጠዋቱ አስተሳሰቤ፣ የተልባ እግር አንሶላው አይደለም፣ ሌሊትም ቀንም የማይነጥፈው ወይኑም አይደለም። ቅንጦት ማለት አለመድረስ የሚባለውን ነገር ከጉዞ ውስጥ ከነሥሩ ነቅሎ መጣል ነው። እንዲያውም ከዚያ ያልፋል። ከቫሌታ ተነሥታ ሲሲሊ ላይ ፖዛሎ የምትገባው ፈጣን ጀልባ ሁለት ሰዓት አይፈጅባትም። የእኛ መርከብ ግን ማታ ተነሥቶ፣ ከዚያ እጅግም የማይርቀውን የሲራኩዛን ወደብ የሚይዘው በማግሥቱ ጠዋት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ፍጥነቱን ቀንሶ ባሕሩ ላይ ይንፏቀቃል፤ ሥራው ቶሎ አለመድረስ ነው፤ እንግዶቹ እንቅልፋቸውን ጨርሰው፣ ቁርሳቸው ቀርቦ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ከተማዋ ለመታየት ዝግጁ ስትሆን እንዲደርሱ። ገና ከመነሣቱ በፊት የደረሰ መርከብ በምን ይደርሳል?

ከወደቡ ወደ ከተማዋ የሚያወጣ አሳንሰር አለ። ቁመቱ 58 ሜትር ነው፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ላይኛው ባራካ የሚባለው የአትክልት ቦታ ላይ ያወጣችኋል። ከዚያ ሆነው ሲመለከቱ ታላቁ ወደብ እንደ ተከፈተ መዳፍ ነው፤ ጣቶቹ መካከል ውኃ ገብቶባቸዋል። ማዶ የቅዱስ አንጀሎ ምሽግ አለ፤ ከጎኑ ባለችው ሴንግሊያ ጫፍ ላይ አንዲት የድንጋይ ማማ ተንጠልጥላለች፤ ላይዋ ላይ ዓይንና ጆሮ ተቀርጾባታል። የሚመጣውን የምታይና የምትሰማ ማማ። ማልታዎች ዓይንን «ዓይን» ብለው ነው የሚጠሩት፤ ራስን ራስ፣ ደምን ደም፣ ባሕርን ባሐር ይላሉ። ቋንቋቸው በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ ሴማዊ ነው፤ የመንገድ ሰሌዳ ባነበብሁ ቁጥር የሩቅ ዘመድ ሰርግ ላይ የተቀመጥሁ ያህል፣ ግማሹ ገብቶኝ ግማሹን በፈገግታ አልፈው ነበር። በወደቡ መጨረሻ፣ ውኃው ወደ ምድር ዘልቆ በሚያልቅበት ቦታ ያለችው ሰፈር ስሟ ማርሳ ነው። ወደብ ማለት ነው። በግዕዝም መርሶ ወደብ ነው። ከውኃው ላይ ሆኖ ሲታይ ወደብ የሚባለው የመርከብ ማሰሪያ ብረትና ድንጋይ ነው። ያ ማማ ግን ሌላ ነገር ይናገራል፤ ወደብ ማለት የሚመጣውን ቀድሞ ያየ ዓይን ነው። ካልታዩ ይደረሳል ወይ?

ይህን ሳሰላስል ከሥሬ መድፍ ተተኮሰ። በእነሱ 12፣ በእኛ 6 ሰዓት ነው። በየቀኑ በዚህ ሰዓት ይተኮሳል፤ በቀደመው ዘመን ወደቡ ላይ የቆሙ መርከበኞች ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት በዚሁ ድምፅ ነበር። ዛሬ የሚያስተካክል የለም፤ ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን ጭሱን አነሣን።

በዚህች ደሴት ላይ ከተደረሱት መድረሶች ሁሉ ስሙ የገነነው ግን መድፍ የተተኮሰለት አይደለም። የሐዋርያት ሥራ የሚተርከው ነው። ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ ከነበረችው ከእስክንድርያ መርከብ ላይ 276 ነፍስ ነበር፤ ዐሥራ አራት ሌሊት ማዕበሉ ወዲያና ወዲህ ካንገላታቸው በኋላ መርከቢቱ አሸዋ ላይ ተተክላ ተሰበረች፤ መዋኘት የሚችል ዋኝቶ፣ የማይችል ሳንቃ ይዞ ወጣ። የመጽሐፍ ቅዱሳችን መላጥያ ማልታ መሆኗ ነው። ከታሪኩ ውስጥ ለዓመታት ሳነበው ያላስተዋልኩት አንድ ቅደም ተከተል አለ። የደሴቲቱን ስም ያወቁት ከደረሱ በኋላ ነው። መጀመሪያ ደረሱ፤ የት እንደደረሱ የተነገራቸው ኋላ ነው። እኔ ግን የት እንደምደርስ ካወቅሁ ስምንት ወር ሆኖኛል፤ ስሙን፣ ሰዓቱን፣ የአሳንሰሩን ዋጋ ሳይቀር ዐውቃለሁ፤ የቀረኝ መድረሱ ነው። እነሱ መድረስ ነበራቸው፣ ቦታ አልነበራቸውም፤ እኔ ቦታ አለኝ።

ይህን ካልሁ በኋላ ግን ራሴን ጠረጠርሁ። ለመድረስ የግድ መርከብ መሰበር አለበት ማለቴ ነው? ሰው በሳንቃ ተንሳፍፎ ካልወጣ መሬት አይረግጥም? ይህ ከተደላደለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ መከራ ክብር የሚያወራ ሰው ሐሳብ ነው፤ የእህቴን መልስ ሳልጠይቃት ዐውቀዋለሁ፤ «አንተ ምን አለብህ» ነው የምትለኝ። ሌሊት በሞትና በሕይወት መካከል ያለ ሰው ስታገላብጥ ያደረች ሴት አደጋ ያስተምራል ሲሏት አትወድም። ደግሞስ እነዚያ 276 ሰዎች አሸዋውን በረገጡበት ቅጽበት ደርሰዋል? ብርድ ነበረ፣ ዝናብ ነበረ። በእኔ ግምት የደረሱት ትንሽ ቆይተው ነው፤ የደሴቲቱ ሰዎች እሳት አንድደው ኑ ሙቁ ባሏቸው ጊዜ። ስሟንም የነገራቸው እሳቱን ያነደደው ሰው ሳይሆን አይቀርም። እሳት ያነደደ ሰው ባይኖር ኖሮ ከባሕር ወጡ እንጂ ደረሱ ባላልን ነበር። እንግዲህ መድረስ የመጪው ሥራ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ግማሹ ሥራ ያለው በተቀባዩ እጅ ነው። ከዚያ ደግሞ ተከትሎ የሚመጣ ክፉ ጥያቄ አለ፤ ግማሹ በተቀባዩ እጅ ከሆነ፣ ተቀባዩ አልሰጥም ቢልስ?

መልሱ ከከተማዋ ማዶ ባለው ሌላው ወደብ ይታያል። በማርሳምሼት ውኃ መካከል ማኖኤል የምትባል ደሴት አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1643 የቅዱስ ዮሐንስ ባላባቶች ከምሥራቅ የሚመጣውን ሰውና ዕቃ ወረርሽኝ እንዳያስገባ የሚያቆዩበት ቤት የሠሩት እዚያ ነው። ለይቶ ማቆያ የምንለው ነገር በጣልያኖቹ አፍ ስሙን ያገኘው ከ40 ቀን ነው። መንገደኛው ከተማዋን ያያል፤ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ይሰማል፤ ከዳቦ ቤቱ የሚወጣው ሽታ ነፋስ ሲያመጣው ያሸተዋል፤ ነገር ግን አልደረሰም። መርከቡ ደርሷል፣ ሰውየው ገና ነው። ይህን ሳስብ የፈረንጁ 40 ቀን ወዲያው የእኛን 40 ቀን አስታወሰኝ። ወንድ ልጅ ተወልዶ ክርስትና የሚነሣው በ40 ቀኑ ነው፤ ሰው ሲሞትም ተዝካሩ የሚወጣው በ40 ቀኑ ነው። የተወለደው ልጅ መጣ እንጂ ስም ተሰጥቶት እስኪገባ ድረስ ደጅ ላይ ነው፤ የሞተውም ሄደ እንጂ ገና ጉዞ ላይ ነው። አባቶቻችን ከአንድ ዓለም ወደ ሌላ ዓለም መግባት በአንድ ጊዜ የሚሆን ነገር እንዳልሆነ ዐውቀው ነበር፤ በመምጣትና በመድረስ መካከል 40 ቀን አስቀመጡ። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ዘጠኝ ሰዓት ተሰጥቶኛል።

ከከተማዋ በር ውጪ ትልቅ ፏፏቴ አለ፤ ሦስት የነሐስ ሰዎች ሳሕን ተሸክመዋል፤ አውቶቡሶች በአቅራቢያው ይቆማሉ። እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ ከኋላዬ በስልክ አማርኛ ሰማሁ። ሠላሳን ያለፈ፣ ጫማው ላይ የሲሚንቶ አቧራ ያለበት ወንድም ነው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ መቼ እንደደረሰ ጠየቅሁት።

«የቱን ነው የምትጠይቀኝ ጋሼ?» አለና ሳቀ። «የራሴን ነው የወረቀቴን?»

ሰውነቱ የደረሰበት ዓመትና ወረቀቱ የደረሰበት ዓመት ተራርቀዋል። መጀመሪያ ከሊቢያ በጀልባ፣ ከዚያ ማርሳ፣ ከዚያ ጥበቃ። ብዙ አላወራም፤ እኔም አልጎተጎትሁም። ይልቅ እሱ ጠየቀኝ። ዛሬ ጠዋት መጣሁ አልሁት። መቼ ትሄዳለህ አለኝ። ዛሬ ማታ።

«እንግዲያማ አልደረስክም፤ እያለፍክ ነው» አለ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። አውቶቡሱ መጣለትና ተሰናበተኝ።

ፍርዱ ትክክል መሰለኝና ይዤው ወደ ከተማዋ ተመለስሁ፤ ያልደረሰ ነው እንጂ የሚያልፍ፣ የደረሰስ ይቀመጣል። ግን ይህም ብዙ አልተራመደልኝም። የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ስገባ ሕዝቡ የካራቫጆን ትልቅ ሥዕል ለማየት ይጋፋል፤ እኔ ዓይኔን የያዘው ወለሉ ነው። ወለሉ ሁሉ መቃብር ነው፤ ወደ 400 የሚጠጋ የባላባቶች መቃብር፣ በቀለም በቀለም እብነ በረድ ተለብጦ፣ የራስ ቅልና ማጭድ የያዘ አጽም የተሣለበት። እነዚህ ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይ ለመንገደኛና ለሕመምተኛ ማረፊያ ሊሆኑ የተነሡ ነበሩ። ከቅድስት አገር ወጡ፤ ሮድስን እ.ኤ.አ. በ1522 ተቀሙ፤ ማልታ በ1530 ገቡ፤ በ1565 ኦቶማኖችን መክተው በማግሥቱ ዓመት ይህችን ከተማ መሠረቱ፤ በ1798 ናፖሊዮን መጥቶ አስወጣቸው። 268 ዓመት። ደረሱ እንበል ወይስ አለፉ? መቀመጥ ነው መድረስ ካልን እንኳ ሙሉ በሙሉ የተቀመጡት እነዚህ ከእግሬ ሥር ያሉት ብቻ ናቸው፤ ከዚህ ወዲያ የትም አይሄዱም። ስለ እነሱ ግን አማርኛ ምን ይላል? አለፉ ይላል። ከቦታው ፈጽሞ የማይነቃነቀውን ሰው አለፈ የሚል ቋንቋ የፏፏቴውን ወንድሜን ፍርድ እንደገና እንድመረምር አስገደደኝ። ምናልባት የቆይታ ርዝመት ጉዳዩ ላይ የለበትም። ምናልባት ዘጠኝ ሰዓትና 268 ዓመት ከሌላ ወገን ሲታዩ እኩል ናቸው፤ ልዩነቱ በመካከሉ እሳት ያነደደ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው። ምናልባት።

ድካም ሲሰማኝ አንዲት ትንሽ ቤት ገባሁ። ፓስቲዚ አዘዝሁ፤ ሪኮታ የተሞላ፣ ሲነክሱት የሚፈረፈር፤ ሳምቡሳን ያስታወሰኝ ሞቃትነቱ ነው እንጂ ጣዕሙስ ሌላ ነው። ስከፍል ልጅቷ ወረቀት ሰጠችኝ። ደረሰኝ። ስንት ጊዜ በእጄ የያዝሁት ቃል ነው፤ ቃል ሳይሆን ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሆኑን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። የሚናገረውም ሰው እኔ አይደለሁም። ደረሰኝ የምትለው ሻጯ ናት፤ ገንዘብህ ደረሰኝ። መድረሱን የሚመሰክረው ላኪው አይደለም፣ መንገደኛውም አይደለም፤ የተቀበለው ነው። እንግዲህ በዚያ ቀን ከእኔ ወገን ቫሌታ መድረሱ በጽሑፍ የተረጋገጠ ነገር ቢኖር ያ ጥቂት ሳንቲም ነው። አጣጥፌ ኪሴ ከተትሁት።

11 ሰዓት ከሩብ ላይ ካርዴ ጢት አለ፤ ፎቶዬ ብቅ አለ፤ ዘበኛው «እንኳን ወደ ቤትዎ በደኅና መጡ» የሚል ትርጉም ያለው ነገር አለኝ። ቤትዎ ያለው ደግሞ ተንሳፋፊ ነው፤ ከኋላው በትልቅ ፊደል ናሳው ተብሎ ተጽፎበታል፤ የተመዘገበበት ከተማ ነው፤ ከእኛ ውስጥ ናሳውን ያየ ያለ አይመስለኝም። ክፍላችንን የሚያጸዳው የፊሊፒንስ ልጅ ኮሪደር ላይ አገኘኝና ከተማዋ እንዴት ነበረች አለኝ። አንተስ አይተሃት ታውቃለህ ስለው ዘንድሮ ብቻ ብዙ ጊዜ እንደመጣ፣ ግን መርከቡ ወደብ ላይ ሲቆም ወይ የአደጋ ልምምድ ይኖራል፣ ወይ ክፍሎቹ ባዶ ሲሆኑ ነው ሥራ የሚሠራው፣ ወይ እንቅልፍ ያሸንፋል አለኝ። «ግንቡን ዐውቀዋለሁ» አለ፤ «በመስኮት።» ከእኔ ይበልጥ ነበር የሚያውቀው፤ ጠዋት ቢጫ፣ ቀን ነጭ፣ ማታ ሮዝ እንደሚሆን የነገረኝ እሱ ነው። ወጥቼ ባየው እውነትም ሮዝ ሆኗል።

ከእህቴ ጎን ተቀመጥሁ። መርከቡ ከግንቡ ሲላቀቅ ምንም አይሰማም፤ ከተማዋ ናት ወደ ኋላ የምትሸሸው። ሙዚቃ ተከፈተ፤ ብርጭቆ ዞረ። ባሕሩ ሲጨልም ግን የቀኑ ቃል ሌላ መልኩን ይዞ መጣብኝ። በአማርኛ ሰው አደጋ ላይ ሲወድቅ አድኑኝ ከማለት ቀድሞ የሚጮኸው ድረሱልኝ ብሎ ነው። እዚህ ላይ የሚደርሰው ሌላው ነው፤ የሚጮኸው ባለበት ነው፤ መንገደኛ የሆነው ሰሚው ነው። ይህ ጩኸት በባሕር ላይ ሕግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የተፈረመው የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 98 ማንኛውም የመርከብ አዛዥ ተሳፋሪዎቹን አደጋ ላይ ሳይጥል ለሚጠፋው ሰው እንዲደርስለት መንግሥታት እንዲያስገድዱ ያዛል፤ ቅንጡ መርከብ፣ ያልተቀናጣ መርከብ ብሎ አይለይም። ከዚህ ወደ ምዕራብ ላምፔዱዛ አለች። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ሊነጋ ሲል፣ ከባሕር ዳርቻዋ አንድ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን የነበሩ ከ360 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሞተራቸው ቆሞ ነበር። የባሕሩ ዳር ሰው እንዲያያቸው ብርድ ልብስ አቀጣጠሉ፤ እሳቱ ጀልባዋ ላይ ተዛመተ፤ ሰዉ ሸሽቶ ወደ አንድ ጎን ሲሰበሰብ ተገለበጠች። ቀን ስለ መላጥያው እሳት ሳስብ ይህኛው እሳት አብሮኝ እንደነበረ አሁን ነው የገባኝ። ያኛውን ያነደዱት ተቀባዮች ናቸው። ይሄኛውን ያነደዱት መጪዎቹ ናቸው፤ መሬት እያዩ፣ እኛን እዩን ብለው። ከእኔ ይልቅ እነሱ ለመሬቱ ቅርብ ነበሩ፤ በሜትር ከሆነ።

ስልኬ ጠራ። እናታችን ናት፤ ከደሴ። ጉዞ ከጀመርን ወዲህ አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው ያላት፤ ስትደርሱ ደውሉ። በየወደቡ ደውለናል፤ ዛሬም ጠዋት ገና ቁርስ ሳንበላ እህቴ ደውላ ደርሰናል ብላታለች፤ እሷም ተመስገን ብላ ዘግታለች። የዓውደ ዓመት ሰላምታችንን አስታወሰኝ፤ እንኳን አደረሳችሁ እንባባላለን እንጂ እንኳን ደረሳችሁ አንባባልም፤ የሚያደርስ ሌላ ነው፤ ተመስገን የሚባለውም ለእሱ ነው። ድምፅ ማጉያውን ከፈትሁት።

«አሁን የት ናችሁ?»

«ባሕር ላይ ነን እማዬ» አለች እህቴ። «ነገ ጠዋት ሌላ አገር እንገባለን።»

«ባሕር ላይ? ጠዋት ደርሰናል አላልሽኝም እንዴ?»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። ቀኑን ሙሉ ስፈልገው የዋልሁትን ነገር እኔ እንድመልሰው፣ ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው።

«አንተ ንገራት» አለችኝ።